ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሐይቅ ስንወርድ የአየሩ ሁኔታ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ጠያቂ፦ የኮምቦልቻ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሚይዘኝ ሐይቅ ወርጄ መንጠቆ የምጥለው እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ማኅበር ካልገጠመኝ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቁ አጠገብ እስካለችው ሐይቅ ከተማ ያለው መንገድ ደርሶ መልስ ከ100 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ዓሣው በማይነካበት ቀን ደክሜ ባዶ እጄን ከመመለስ፣ ቀኑን አስቀድሞ መምረጥ የሚቻል ከሆነ መምረጥ እፈልጋለሁ።

የቸገረኝ የምሰማው ምክር እርስ በርሱ መጋጨቱ ነው። ስልኬ ላይ የጫንኩት አንድ መተግበሪያ የአየር ግፊትን እየተከተለ ለየሰዓቱ ነጥብ ይሰጣል፤ ግፊቱ ሲወርድ ዓሣው ይበላል፣ ሲወጣ ጾሙን ያድራል ይላል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም፤ ሌላው ደግሞ ዝናብ ከዘነበ ውኃው ስለሚደፈርስ አትድከም ይለኛል። ሐይቅ ዳር ያገኘኋቸው አንድ አባት ግን፣ ውኃ ውስጥ የሚኖርን ፍጡር ዝናብ ምን ሊያደርገው ነው ብለው ሳቁብኝ።

የምጠቀመው ተራ የማጥመጃ ዘንግ፣ የቡሽ ተንሳፋፊ፣ ለማባበያ ደግሞ ትል ወይም ሊጥ ነው። በአብዛኛው የምፈልገው ቆሮሶ ቢሆንም አምባዛ ቢመጣ አልጠላም። ከነፋሱ፣ ከዝናቡ፣ ከደመናው እና ከግፊቱ ልብ ልለው የሚገባኝ የትኛው ነው? ወይስ ሁሉም ወሬ ነው?


መልስ፦ ጦሳ ሥር

ወንድሜ፣ የአየሩ ሁኔታ ለውጥ ያመጣል፤ ለውጡ የሚመጣው ግን መተግበሪያው በሚነግርዎት መንገድ አይደለም። ዓሣው የሚሰማው ውኃውን እንጂ ሰማዩን ስላልሆነ፣ ደመናውም ነፋሱም የውኃውን ሙቀት፣ ብርሃኑን፣ ጥራቱን ወይም በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን እስካልነካ ድረስ ለዓሣው ቀኑ እንደ ትናንቱ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ትንሽ ባረዝመው ይታገሡኝ።

ከግፊቱ ልጀምር፤ በቶሎ ልናልፈው የምንችለው እሱን ነውና። የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲቀንስ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ የሚሰማው ለውጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ቢዋኝ ከሚሰማው ጋር እኩል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ኃይለኛ ማዕበል ሲያልፍ ግፊቱ በ20 ወይም በ30 ሄክቶፓስካል ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚበልጥ ለውጥ አይደለም፤ ቆሮሶ ምግቡን እየለቀመ ከፍ ዝቅ ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ የግፊት ልዩነት ያልፍበታል። እነዚያ አገሮች ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ ደመናውና ነፋሱም አብረው ስለሚመጡ፣ ሥራውን የሠሩት ደመናውና ነፋሱ ሆነው ሳለ ምስጋናውን ግፊቱ የወሰደው ይመስለኛል።

የእኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ግፊቱ ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይለዋወጥም። እኛ ዘንድ በግልጽ የሚታየው በየዕለቱ የሚደጋገመው ዑደት ነው፤ ግፊቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፣ ማታ በ4 ሰዓት አካባቢ እንደገና ከፍ ብሎ ሌሊት በ10 ሰዓት አካባቢ ይወርዳል፤ የከፍታና የዝቅታው ልዩነት ግን ጥቂት ሄክቶፓስካል ብቻ ነው። ዝናብ ዘነበም ፀሐይ ወጣም ይህ ዑደት አይቀርም። መተግበሪያው ከቀትር በኋላ ግፊቱ እየወረደ ነው ብሎ ጥሩ ነጥብ የሚሰጥዎት፣ በየቀኑ የሚሆነውን ይህን ነገር እንደ ልዩ ዕድል ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። መተግበሪያውን ለነፋስና ለዝናብ ትንበያው ይያዙት፤ ለዓሣ የሚሰጠውን ነጥብ ግን ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ቆሮሶ የሞቃት ውኃ ዓሣ ነው። የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቀዛቅዛል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ስለሚበልጥና ውኃ ሙቀትን ለመቀበልም ሆነ ለመልቀቅ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ አንድ ብርዳማ ሌሊት መካከሉን የሚያናውጥ ነገር አያመጣም። እርስዎ መንጠቆ የሚጥሉበት፣ ከጉልበት ብዙም የማያልፈው ዳር ግን ሌላ ነው፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲያድርበት በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቆሮሶም ሞቅ ወዳለው ጠለቅ ያለ ውኃ ይሸሻል። ፀሐይ ዳሩን ስታሞቀው ይመለሳል። ስለዚህ ዓሣ በማለዳ ነው የሚያዘው የሚለው አባባል በእነዚህ ወራት ለቆሮሶ አይሠራም፤ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት በኋላ ቢደርሱ የሚያመልጥዎት ነገር የለም፤ እንቅልፍዎንም ይጠግባሉ።

ሌላም ልጨምር። የደሴን ሰማይ አይተው ስለ ሐይቁ አይወስኑ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ሐይቁ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ልዩነት ስለሚኖር ሐይቁ ዳር ያለው አየር ከደሴ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ይሞቃል። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው፣ ባለ መኪናው ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ ሲሄድ፣ ሐይቅ ላይ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ የምትጠብቅበት ቀን ብዙ ነው። ለሙቀቱ ከሆነ የኮምቦልቻ ከፍታ ለሐይቁ ስለሚቀርብ፣ ጠዋት ከቤትዎ ሲወጡ የሚሰማዎት አየር እኛ ደሴዎች ከምናየው የተሻለ ምልክት ነው።


መልስ፦ አብሽር

አብሽር ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። እኔ የአየሩ ሁኔታ ምንም አያመጣም አልልም፤ ነገር ግን ቦታውና ሰዓቱ ከአየሩ ሁኔታ ይቀድማሉ ባይ ነኝ። ሸምበቆና ቄጠማ ያለበትን፣ ታቹ በድንገት የሚጠልቀውን ዳር የሚያውቅ ሰው በማንኛውም ቀን ዓሣ ይዞ ይመለሳል፤ ገላጣ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የዓመቱ ምርጥ ቀን ቢሆንለትም መንጠቆውን እያጠበ ይውላል። ደግሞ እሑድ ብቻ ላለው ሰው ቀን መምረጥ ማለት ምን ማለት ነው? ያለህ እሑድ ነው፤ እሑድን ደግሞ አንተ አትመርጠውም። ይልቅ በዚያ ቀን ባለው አየር የት እንደምትቆምና ምን እንደምታጠምድ ብትመርጥ ይሻልሃል።


መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

በዚህ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ቤተሰቤም በመረብ የሚተዳደር ስለሆነ ጥቂት ነገር ልበል። ጦሳ ሥር ስለ ሙቀቱ የጻፉት ትክክል ነው። አብሽር ቦታ ይቀድማል ያለውም እውነት ነው፤ የትኛው ቦታ እንደሚሻል በየዕለቱ የሚወስነው ግን ነፋሱ መሆኑን አልጠቀሰም።

የእኛ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ነፋስን ነው። ጠዋት ውኃው ብዙ ጊዜ የረጋ ነው፤ ከቀትር ወዲህ ነፋሱ ይነሣና ሞገዱ ይከተላል። ነፋሱ ከላይ ያለውን ሞቃት ውኃ፣ አረንጓዴውን አልጌና የተንሳፈፈውን ሁሉ እየገፋ ወደ አንዱ ዳር ያከማቻል። ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ምግቡን ተከትሎ ይሄዳል። አብዛኛው እንግዳ ግን ነፋሱ ፊቱን እንዳይመታው፣ ቡሹም እንዳይናወጥበት ብሎ ከነፋስ የተከለለውን ጎን ይመርጣል። ነፋሱ ለስለስ ያለ ከሆነ አንተ ሞገዱ የሚደርስበትን ዳር ምረጥ። ውኃው መጠነኛ ሸካራ ሲሆን ጥላህና የዘንጉ እንቅስቃሴ ለዓሣው በቀላሉ አይታየውም፤ መስታወት በመሰለ ውኃ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ዳር ላይ ቆሞ መንጠቆ መጣል ግን እኔ እዚህ ነኝ ብሎ እንደ መጣራት ነው። እዚህ ላይ ደመና ይረዳል፤ ብርሃኑ ስለሚለዝብ ዓሣው ወደ ዳር ለመቅረብ ይደፍራል። ከዚህ ያለፈ ጥቅም ግን የለውም፤ በተለይ በክረምት ለቀናት የተደፈነ ሰማይ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው ለቆሮሶ ጥሩ አይደለም።

ነፋሱ ከበረታ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ከዳር ሆነህ ካጠመድህ የሚደርስብህ ጉዳት ገመድህ መጠላለፉ ብቻ ነው። በታንኳ ወይም በጀልባ ከሆነ ግን ይህ ሐይቅ እንደምታየው ገር አይደለም፤ ከዳር ጥቂት እንደራቅህ መሬቱ ከሥርህ ይጠፋል። ማዶ ያለው ዛፍ በአንድ ጊዜ ሲወዛወዝና ውኃው ላይ ጥቁር ሽንትር እየሮጠ ሲመጣ ካየህ፣ ዓሣው እየነካም ቢሆን ወደ ዳር ቅዘፍ።

ስለ ዝናቡ ሁለቱም ባልደረቦችህ እውነት አላቸው፤ የሚለያዩት በሚያስቡት ዓሣ ነው። አንከርከሃ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ቀይ አፈር ይዞ ይገባል፤ በአፉ ዙሪያ ያለው ውኃም ይደፈርሳል። ቆሮሶ በዓይኑ የሚተማመን ዓሣ ስለሆነ ድፍርሱን አይወድም፤ ትልህ አፍንጫው ሥር ቢሆን እንኳ ላያየው ይችላል። አምባዛ ግን ምግቡን የሚፈልገው በጢሙና በማሽተት ስለሆነ፣ ጎርፉ ከየማሳው ጠርጎ ያመጣውን ትልና ነፍሳት ለመልቀም ወደ ዳር ይወጣል። በዝናብ ወራት እንቁላሉን የሚጥለውም ጎርፍ ባጥለቀለቀው ጥልቀት የሌለው ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ አምባዛ ከፈለግህ ወደ ድፍርሱ ጠርዝ ሂድ፤ ሊጡን ትተህ ሽታ ያለው ነገር፣ የዶሮ አንጀት ወይም የሥጋ ቁራጭ፣ ታች አስነክተህ ጣል። ቆሮሶ ከፈለግህ ግን ከወንዙ አፍ ራቅ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ወደ ውኃው ከገባው መሬት ወዲያና ወዲህ፣ ውኃው የጠራበትን ፈልግ።

መረብ ለሚጥል ሰው ጨረቃም አለች። ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ጥርት ባለ ሌሊት ዓሣው መረቡን ስለሚያየው ይርቀዋል፤ ደመና ከሸፈናት ግን ያው ሌሊት ጥሩ ሌሊት ይሆናል። በመንጠቆ ቀን ለምታጠምደው ለአንተ ይህ አያገባህም።


ጠያቂ፦ የኮምቦልቻ ሰው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ጦሳ ሥር፣ መተግበሪያውን በተመለከተ ያሉኝ ገንዘብ ከፍዬ ወደተሻለው እትም ልሸጋገር ስል ደረሰልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በብርዱ ወራት አንዳንድ ጊዜ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው አየር ሲስቡ አይቻለሁ፤ እንዲያ ሲሆኑ ግን ምንም ቢጥሉላቸው አይነኩም። ይህ ከምን የመጣ ነው? ሁለተኛ፣ በልግ ላይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ሲጀምር ዓሣው በደንብ የሚነካ ይመስለኛል፤ ልቆይ ወይስ ልሂድ እያልኩ እቸገራለሁ።


መልስ፦ ጦሳ ሥር

ሁለተኛውን አስቀድሜ ልመልስ፤ ይሂዱ። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑ ሲደበዝዝና ነፋሱ ውኃውን ሲያናውጠው ዓሣው ደፍሮ ሊበላ እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን ገላጣ የሐይቅ ዳር ላይ ረጅም ዘንግ ወደ ላይ አቁሞ የቆመ ሰው በአካባቢው ካለው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታይ እሱ ነው። ዘንግዎ ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪመጣ ይቁጠሩ፤ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከሰሙት መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን አስተኝተው መኪና ወይም ደህና ቤት ውስጥ ይግቡ፤ ዛፍ ሥር ግን አይጠለሉ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ። በእኛ አካባቢ ይህ ዓይነቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ በበልግና በክረምት ጠዋቱን ሠርተው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ዕቃዎን ቢሰበስቡ ይበጃል።

ዓሦቹ አየር የሚስቡት ኦክስጅን ሲያጥራቸው ነው። በሞቃት ወራት ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆኖ እንደ ሁለት ድርብ ይቀመጣል፤ ከታች ያለው ውኃ አየር ስለማያገኝ፣ የሞተው አልጌና ቅጠልም እዚያ ስለሚበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቃል። ብርዱ ሲመጣ የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰጥማል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ኦክስጅን የሌለውም ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያሉ ጥልቅ ሐይቆች ውስጥ ድብልቁ ድንገተኛና ኃይለኛ ከሆነ ዓሣ እስከ ማለቅ ሊደርስ ይችላል። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ዓሣው የሚቋቋመው ትርፍ የለውም። ትንፋሽ ያጠረው ዓሣ አይበላም። አምባዛ ግን ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ይህን ሁሉ ከቆሮሶ በተሻለ ይችለዋል። እንዲያ ያለ ቀን ከገጠመዎት ሊጡን ወደ ኮሮጆው ይመልሱትና አምባዛን ይሞክሩ።


መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሰሞን ራሱ ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ብታይ ለምግብ አታንሣው፤ ርካሽ ነው ብለው መንገድ ላይ ቢያቀርቡልህም አትግዛ። ዓይኑ የፈዘዘ፣ መተንፈሻ ስንጥቡ ቀይነቱን ያጣ፣ በጣትህ ስትጫነው ሥጋው ተመልሶ የማይነሣ ከሆነ የቆየ ነው።

ለፊታችን እሑድ የምትመጣ ከሆነ፣ ደሴ ላይ ጉም ቢያጋጥምህ አትመለስ፤ ከተማውን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ይገለጣል። ውኃው ዳር እንደደረስህ ዘንግህን ከመዘርጋትህ በፊት ቁራጭ ሣር ወርውርና ወዴት እንደምትሄድ ተመልከት፤ እሷ ወደምትሄድበት ዳር አንተም ዞረህ ጠብቃት። እስከ እኩለ ቀን ካልነካልህ ቦታ ቀይር። ጥልቀቱንም ሞክር፤ ብዙ ሰው ቡሹን ጠዋት ያሰረበት ላይ እንደተወው ነው የሚውለው፤ ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ግን ዓሣው ዝቅ ስለሚል ቡሹን ወደ ዘንጉ በኩል ክንድ ያህል ከፍ አድርገህ እሰረው።